ስም የማይጠየቅበት ሣጥን

ዶክተር መልከጼዴቅ ሠራተኞቹ ሊከዱት እንደሆነ ካወቀ ሦስት ወሩ ነው። «አወቅሁ» የሚለው እንግዲህ እሱ ነው፤ የነገረው ሰው የለም፣ በዓይኑ ያየውም ነገር የለም። ግን ሰው አንዴ ይጠርጥር እንጂ ማስረጃ መቼ አጥቶ ያውቃል!

ማስረጃውማ ሞልቶ ነበር። እሱ በር ከፍቶ ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። ማስካቸውን እንዳጠለቁ ሦስቱም ሠራተኞቹ አንድ ጥግ ቆመው ሲንሾካሾኩ ያገኛቸዋል። ድሮ «ከዶክተር እጅ ሌላ አልፈልግም» ይሉ የነበሩ ደንበኞች አሁን ወረፋ የሚያስይዙት ዶክተር ኪሩቤል ዘንድ ነው፤ ኪሩቤል ደግሞ ከተመረቀ ገና ሦስት ዓመቱ የሆነ ተቀጣሪ ልጅ ነው። መንጋጋ መንቀሉም፣ ሥር ማከሙም፣ ከባድ ከባዱ ሥራ ሁሉ ወደዚያ ይሄድና ለክሊኒኩ ባለቤት የሚደርሰው ጥርስ ማጠብና «እስቲ አፍህን ክፈት» ብቻ ሆኗል።

ይባስ ብሎ ሪሴፕሽን ላይ የምትቀመጠው ፈቲያ አለች። ወደ እሱ ክፍል የሚገባውን በሽተኛ ሁሉ ቆም ታደርግና በኦሮምኛ አንድ ነገር ትነግረዋለች፤ ስትነግረውም ግራ እጇን ከፍ ታደርጋለች። በፈቲያ ግራ በኩል መስኮት አለ። ከመስኮቱ ማዶ የጅማ መንገድ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ዘንድሮ የተከፈተ፣ ባለ ትልቅ ባነር የጥርስ ክሊኒክ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ዶክተሩ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰበታ ሠርቶ ኦሮምኛው «አካም» እና «ገለቶማ» ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ የቃሉን ሳይሆን የእጁን ትርጉም ነበር የሚያጠናው። እጁም ወደ ማዶ ይጠቁማል፤ በእሱ ቤት ነገሩ አልቆ ነበር።

አንድ ማታ ፉሪ ባለው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ የቴሌቪዥኑን ዜና ጎረቤት እስኪሰማው ድረስ ለቆት፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አላት ሚስቱን ብርቅዬን። «ስለኔ የሚወራውን እኔ አልሰማም። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

ብርቅዬ ትንሽ አየችው፤ የሆነ ነገር አለችና ወደ ውስጥ ገባች። እሷም በዚህ ሰሞን ዝቅ አድርጎ መናገር ልማድ አድርጋለች። ሚስትም ታኮርፋለች፣ ምን ይደረጋል አለና ዜናውን ቀጠለ።

በግንቦት ወር አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ «አመራር ለግል ክሊኒክ ባለቤቶች» የሚባል የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጠ። ዶክተር መልከጼዴቅ ከፍሎ ገባ። አሠልጣኙ ከራሱ ጥርስ በቀር የሰው ጥርስ ቀርቦ አይቶ የማያውቅ፣ ሱፍ የለበሰ ሰው ነበር፤ ቢሆንም አፉ ይጥማል። «የክሊኒክ ሀብት ወንበሩና ማሽኑ አይደለም፣ ሠራተኛው ነው። ሠራተኛህን ስማ!» አለ። ዶክተሩ «ስማ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አሰመረባት። ለመስማትም የተሰጠው መላ ቀላል ነበር፦ አንድ ሣጥን አሠርቶ ግድግዳ ላይ መስቀል።

አሠራ። አናጢው ከቀሪ ጣውላ ጥሩ አድርጎ ሠራለት፤ ቁልፉን ራሱ ያዘ። ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ሰበሰበና፣ «ይህ የአስተያየት ሣጥን ነው። ስም አይጻፍም። ማን ጻፈው ተብሎም አይጠየቅም። ቃሌ ነው» አለ። ፈቲያ ወለሉን አየች፣ ኪሩቤል ጣሪያውን አየ። ነርሷ ማሪቱ ብቻ ሣጥኑን አየችው።

ስለ ማሪቱ መናገር ያስፈልጋል። ዶክተሩ የአዲስ አበባ ኪራይ አንገፍግፎት ወደ ሰበታ ሲመጣ አብራው የመጣች እሷ ናት። የሚፈልገውን መሣሪያ ሳይጠራው እጁ ላይ ታስቀምጣለች። ሕፃን ቢያለቅስ አባባዩ እሷ፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር የምታስነሳው እሷ፣ ኦሮምኛ ቢያስፈልግ አስተርጓሚው እሷ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም። እንዲህ ያለች ሠራተኛ ያለችው አለቃ ማታ ማታ ሊያመሰግን ይገባው ነበር፤ የኛ ሰው ግን «ይህች ሴት ይህን ያህል ምን ትፈልጋለች?» ማለት ጀምሮ ነበር።

ሌላዋ ነርስ ድንቅቱ ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ተባርራለች። አንዲት እናት ወንበሩ ላይ ሳለች፣ ልጆቿ በተሰበሰቡበት፣ ድንቅቱ ጮክ ብላ «ዶክተር፣ እያመማት እኮ ነው!» አለችው። ሃያ ስምንት ዓመት ጥርስ የሠራን ሰው በሰው ፊት! ሳምንት ሳይሞላ «ለበላይ አክብሮት በማጣት» ተብሎ ተጻፈላት። ከዚያ ወዲህ በክሊኒኩ ውስጥ ለዶክተሩ ጮክ ብሎ የተናገረ የለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው።

ሣጥኑ አምስት ሳምንት ባዶውን ተንጠለጠለ። ዶክተሩ አርብ አርብ ይከፍተዋል፤ ባዶ ነው። ባዶነቱም አስጠረጠረው፤ ተማክረው ነው ማለት ነው። በስድስተኛው አርብ ግን አራት ጊዜ የታጠፈች አንዲት ወረቀት አገኘ። «ዶክተር፣ በሽተኛ ሲያመው አያቆሙም። እባክዎ ይታሰብበት» ትላለች።

ፊቱ ጋለ። በሽተኛ አሞት እሱ አያቆምም? ማደንዘዣ በጥንቃቄ በመስጠት ስሙ ከሰበታ እስከ ዓለም ገና የታወቀ ሰው! አንድም ሰው «አመመኝ» ሲለው አልሰማም፤ በዚህ ላይ መማል ይችላል። ታዲያ ይህ ምንድን ነው? ስሙን ማጥፋት ነው፣ ሌላ አይደለም። ዛሬ በወረቀት፣ ነገ በከተማው፣ ከነገ ወዲያ ማዶው ክሊኒክ፣ ኪሩቤል ዶክተር፣ ማሪቱ ነርስ፣ ፈቲያ በር ላይ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሁሉንም በየቦታቸው መደባቸው።

ቃሉስ? ቃሉማ «አይጠየቅም» ነው፤ እሱም አልጠየቀም። ሰኞ ዕለት «ለፋይል ነው» ብሎ እያንዳንዳቸው የክሊኒኩን ደንብ በእጃቸው ገልብጠው እንዲያመጡ አዘዘ። እንዲህ ያለ ብልጠት ከየት እንደሚመጣ እንጃ፤ አሠልጣኙ አላስተማረውም። ሦስቱ ወረቀቶች ሲመጡለት በሩን ቆለፈና መነጽሩን ደርቦ ፊደል ከፊደል አስተያየ። ድካሙ ግን ለይስሙላ ነበር። ጅራቱ ረዘም የሚለውን ያን «ም» አሥራ አንድ ዓመት በመሣሪያ መቀቀያው መዝገብ ላይ ሲያየው ኖሯል፤ የጻፈችው ማሪቱ ናት። እጇን ለመለወጥ እንኳ አልሞከረችም፤ ቃሉን አምናዋለች።

ደብዳቤውን ራሱ ጻፈው። አንደኛ፣ የክሊኒኩን ስም ማጥፋት። ሁለተኛ፣ ከሌሎች ጋር ማደም። ሦስተኛ፣ «ሐኪሙ በሥራ ላይ እያለ ክርኑን በተደጋጋሚ በመንካት ሥራ ማደናቀፍ»። ይህቺኛዋ እውነት ናት፤ በመሰርሰር ላይ ሳለ ማሪቱ ክርኑን ነካ ታደርገዋለች። እሱም ተናድዶ መሰርሰሪያውን ያቆምና ቀና ይላል። ያን ጊዜ እሷ ወደ በሽተኛዋ ጎንበስ ብላ «አይዞሽ፣ ማደንዘዣ ትንሽ ይጨመርልሽ?» ትላለች። ይህን ሁሉ ጊዜ እሷ ደግ፣ እሱ ጨካኝ መስሎ እንዲታይ የምታደርገው ይመስለው ነበር። ውሳኔው ሰኞ ይጸናል፤ እስከዚያ ከሥራ ታግዳለች።

ሐሙስ ጠዋት ሰጣት። ቆማ አነበበች። ሦስተኛውን ደግማ አነበበችው፤ ቁልፎቹንም አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ከዚያም ማስኳን አውልቃ፣ ፊቷን ወደ ፊቱ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ እኔ ሳልኖር መንጋጋ አይንኩ። ለኪሩቤል ይተዉለት» አለችው።

«ይኸው ወጣ!» አለ በልቡ፤ «ለኪሩቤል!»

ስለዚህ አርብ ዕለት ሆን ብሎ የመጀመሪያውን መንጋጋ ለራሱ ወሰደ። ታካሚዋ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከሌሊት ፈረቃ የወጣች ወጣት ሴት ነበረች። ፈቲያ እንደተለመደው በር ላይ አስቁማ ነገረቻት፣ ግራ እጇንም አነሳች፤ ከዚያ እሷው ራሷ ጓንት አጥልቃ ምራቅ መምጠጫውን ልትይዝ ገባች። ዶክተሩ ማደንዘዣ ወጋ፣ ጠበቀ፣ ጀመረ። አፍ ውስጥ ያለችው አንዲት ጥቁር ነጥብ እንጂ ሌላ ነገር አልታየውም። እጁ ግን እንደ ወጣትነቱ ነው፤ አይንቀጠቀጥም። ይኸው፣ ያለ ማሪቱም ይሠራል።

ድንገት አንድ እጅ አንጓውን ጨምድዶ ያዘው። የታካሚዋ ነው። ቀና ሲል ፊቷ በእንባ ርሷል፣ አንገቷ ላይ ደም ሥሯ ተገትሯል። ፈቲያ መምጠጫውን ይዛ ደርቃ ቀርታለች። ሴትየዋ በግማሽ የተሰረሰረ ጥርሷን ይዛ፣ መሀረቧን አፏ ላይ ጭና ወጣች፤ ኮሪደር ላይ ኪሩቤል ተቀብሎ ወደ ክፍሉ አስገባት።

«ምን ሆነች?» አለ ዶክተሩ።

«ጮኸች እኮ ዶክተር...» አለች ፈቲያ በማስኳ ውስጥ። ዓይኗን እንጂ ቃሏን አላገኘውም፤ ዓይኗ ደግሞ ፈርቷል። የፈራ ሰው ጥፋት አለበት። ታካሚዋን አስተምረዋት ነው፣ አንጓዬን እንድትይዝ ነግረዋት ነው ሲል አደረ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ የሱ ሆድ የሆነ ነገር ሳያውቅ አልቀረም፣ እሱ ግን ሊያደምጠው አልፈለገም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ መጣ።

በሩ ብዙ ተመትቶ ኖሮ የከፈተችው ብርቅዬ ናት። የክሊኒኩ ሕንፃ ባለቤት ኦቦ ደገፋ ገቡ፤ ክንዳቸውን ይዘው ጋሽ ወንዳፍራሽ ተከተሉ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ የሰበታ መምህር። ሁለቱም የዶክተሩ የቆዩ ታካሚዎች ናቸው። ማሪቱ ግን በወጉ መሠረት ከግቢው ውጭ፣ አጥሩ ሥር ቆማለች።

«አካም ጅርቱ ዶክተር? ነጋ?» አሉ ኦቦ ደገፋ። ወንበር ሲሳብላቸው አልተቀመጡም። «አንቀመጥም። ልታዳምጠን ቃል ካልገባህ ቆመን እንመለሳለን።»

ሽማግሌን እንደቆመ የሚመልስ ሰው ገና አልተወለደም። «ኧረ ይቀመጡ፣ አዳምጣለሁ» አለ። ደስም ብሎት ነበር። ሽማግሌ የሚልክ ጥፋቱን ያመነ ነው፤ ማሪቱ አመነች ማለት ነው። ስለዚህ ሊያደምጥ ቃል ገብቶ ራሱ ተናገረ። ከሹክሹክታው ጀመረ፣ በፈቲያ እጅ አለፈ፣ ሣጥኑን፣ ወረቀቷን፣ ክርኑን፣ የአርቧን ሴት ሁሉ ዘረዘረ። ሽማግሌዎቹ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

ዝም ተባለ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ዶክተሩ መልስ ጠበቀ። ኦቦ ደገፋ ትክ ብለው ያዩታል። ብርቅዬ በር ላይ እንደቆመች ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች፤ ዓይኗም እንባ ሞላ።

«ምን ሆናችሁ?» አለ።

«መልስልኝ እንጂ» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ አሁን ፊታቸውን ወደሱ መልሰው።

«ምኑን?»

«የተናገርኩትን።»

«ምንም አልተናገሩም እኮ ጋሼ!»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተናግሬያለሁ ልጄ። ‹ይህን ከሰማኸኝ ደብዳቤው ይጽና፣ ማሪቱም ትሂድ› ነው ያልኩህ። ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም። ፊቴን ብቻ ነው ያዞርኩት።»

ዶክተር መልከጼዴቅ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ተናግረዋል?»

«ተናግረዋል» አለች ብርቅዬ። «እኔም በየቀኑ እናገራለሁ። አንተ ቴሌቪዥኑን ታያለህ።»

«ቴሌቪዥኑ ጮኾ ይሆናል እንጂ...» ብሎ ቀና አለ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። መቼ እንደጠፋ አላወቀም።

«እኔ በጆሮዬ የምኖር ሰው ነኝ» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ። «አምና ወረፋ ይዤ ውጭ ተቀምጬ ነበር። ውስጥ አንዲት ሴት ‹ወይኔ› አለች። ማሽኑ አልቆመም። ሁለተኛ አለች፣ አልቆመም። ሦስተኛው ላይ በድንገት ጸጥ አለ። እኔ የማውቀው መልከጼዴቅ በመጀመሪያው ነበር የሚያቆመው። ጨከነ? አልኩ። ማሪቱን ብጠይቃት አለቀሰች። ያ መሰርሰሪያ ሃያ ስምንት ዓመት ጆሮህ ሥር ሲያፏጭ ኖሯል፤ መስሚያህን በልቶብሃል። ቢሮህ ውስጥ፣ ያለ ማስክ ስናወራ ከንፈር አይተህ ትመልሳለህ። አፍ ሲሸፈን ግን አበቃ።»

«ፈቲያንም አማሃት» አሉ ኦቦ ደገፋ። «ዱጋ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ልጅቷ ማዶ ክሊኒክ አልጠቆመችም። ‹ሀርከ ኦል ካሲ› ነው የምትላቸው። ካመመህ ግራ እጅህን አንሣ ማለቷ ነው። አንተ አፍ አፋቸውን ስለምታይ እጃቸውን አታይም። የሚያየው ሌላ ሰው ነው። ኤዬ፣ አዎ፣ ያ ሰው ክርንህን ይነካሃል።»

ዶክተሩ ክርኑን ያዘ፤ ለምን እንደያዘው አላወቀም። ያቺን ሦስተኛዋን ክስ የጻፈበት እጅ ከበደው። አፈረ፤ ከማፈሩ በላይ ፈራ። ጆሮው የማይሰማ የጥርስ ሐኪም ምን ይባላል? ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የቆጨው ሌላ ነበር፤ ያንን አውጥቶ ጠየቀ።

«ለምን አልነገሩኝም? እንደ ሕፃን እየደበቁ ከሚያሠሩኝ፣ ለምን አንድ ሰው አይነግረኝም?»

«ድንቅቱ ነገረችህ» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ። «አባረርካት። ማሪቱ ስም አይጠየቅም ስላልክ ቃልህን አምና ጻፈችልህ። ፈልገህ ያዝካት። አሁን ደግሞ እኛን ላከች። ከኛ ቀጥሎ የሚላክ ሰው የለም ልጄ።»

ሳሎኑ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም፤ ወይም ተናግረው ይሆናል። ዶክተር መልከጼዴቅ አሁን ይህንንም እርግጠኛ አልነበረም፤ ስለዚህ የሦስቱንም አፍ ተራ በተራ አየ። ከዚያ «ጥሯት» አለ።

ማሪቱ ገባች። የተከሰሰች ናትና ወጉን አልዘነጋችም፤ ይቅርታ ልትል፣ ጉልበቱን ልትይዝ ጎንበስ አለች። ፈጥኖ ትከሻዋን ያዘና ከለከላት። ብዙ ሊላት አስቦ ነበር፤ ደብዳቤው እንደተቀደደ፣ ድንቅቱን እንደሚያስጠራት፣ ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንደሚታይ። አንዱም አልወጣውም። ከአፉ የወጣው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ስንት ሰው ነው ያሳመምኩት፣ ማሪቱ?»

ማሪቱ አቀርቅራ መለሰች። የነጠላዋ ጫፍ ሲንቀሳቀስ አየ እንጂ ምንም አልደረሰውም። ድሮ ቢሆን የተሰማው መስሎ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

«ቀና በይ» አላት። «አልሰማሁሽም።»

ይህችን ቃል ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ማሪቱ ቀና አለች። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች፣ ፊቷን ወደ ፊቱ አደረገች፣ ከወንዝ ማዶ ላለ ሰው እንደሚነገረው ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«የአርቧን ሳልጨምር፣ ያላስቆምኩዎትን ብቻ ነው የምቆጥረው ወይስ ያስቆምኩዎትንም?» አለችው።

ብርቅዬ ሰማች፣ ሽማግሌዎቹ ሰሙ። እሱም ሰማ።